ቦርጩ ነው ወይስ ቢራው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ጎልማሳ ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ሲሆን የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ወር ቀኝ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ ሥር ከበድ እያለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አልትራሳውንድ ታይቼ «ጉበትህ ላይ ስብ ተከማችቷል፤ ደረጃው ሁለት ነው» ተባልኩ። የደም ምርመራው የጉበት ኢንዛይሞቼን ኤስጂፒቲ 62፣ ኤስጂኦቲ 58፣ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ደግሞ 210 ሺህ ይላል። ክብደቴ 89 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ነው። ሐኪሙ «መጠጥ ቀንስ፣ ክብደት ቀንስ» ብሎ አሰናበተኝ።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ «ቢራው ነው» ትላለች። የልብ ጓደኛዬ ደግሞ «እኔ ከአንተ እጥፍ እጠጣለሁ፤ ጉበቴ ግን ደህና ነው ተብያለሁ። አንተን የያዘህ ቦርጭህ ነው» ይለኛል። እርሱ ቀጭን ነው። እኔ ሰካራም አይደለሁም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሥራ መልስ ሁለት ቢራ እጠጣለሁ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሳ እየበላን ስድስት ያህል ቢራ፣ ማሳረጊያው ሁለት መለኪያ አረቄ ነው። እሑድ ማኅበር ወይም ሰንበቴ ካለ ጥቂት ጠላ እቀምሳለሁ። ሲጋራም ጫትም አላውቅም፤ ጾምም እጾማለሁ። ልጅነቴን ጣና ውስጥ ስንቦራጨቅ ነው ያደግኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር አይነካኝም ብዬ ነበር። አሁን አክስቴ ለጉበት የሚሆን ሥር አፍልታ ልትሰጠኝ ነው። ከሁለቱ ጥፋተኛው የትኛው ነው? ሥሩን ልጠጣው? ከሦስት ወር በኋላ ከተሻለኝስ ወደ ቢራዬ መመለስ እችላለሁ?

ባለ ቦርጩ፣ ከሽምብጥ

መልስ

ውድ ባለ ቦርጩ፣ ባለቤትዎና ጓደኛዎ እውነቱን ለሁለት ተካፍለውታል። ችግሩ ሁለቱም የያዙትን ግማሽ ሙሉ ነው ማለታቸው ነው። ጉበትዎ ላይ ያለውን ስብ ቢራው ብቻውን አላመጣውም፤ ቦርጩም ብቻውን አላመጣውም። ተጋግዘው ነው ያመጡት፤ ሲጋገዙ ደግሞ ጉዳታቸው ከመደመር አልፎ ይባዛል። ከክርክሩ ማንም አሸናፊ ሆኖ አይወጣም።

በቅድሚያ «ሰካራም አይደለሁም» የምትለዋን ነገር እናንሣት። እስማማለሁ፣ አይደሉም። ጉበት ግን መንገድ ላይ የሚንገዳገደውን ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ከሚገባው አይለይም፤ እርሱ የሚያውቀው ግራም ነው። ስለዚህ እንቁጠር። የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አሥር ጠርሙስ፣ 130 ግራም ሆነ። የቅዳሜው ስድስት ቢራ 78 ግራም ይጨምራል። ዳግም አረቄ እስከ 45 በመቶ ስለሚደርስ መለኪያዋን 40 ሚሊ ሊትር ብንላት ሁለቱ 28 ግራም ይሆናሉ። ጠላ እንደ ጠማቂዋ እጅ ነው፤ ሦስት ብርጭቆውን በ20 ግራም ልያዝልዎት። በሳምንት 256 ግራም መጣ።

ይህ ቁጥር የት እንደሚያስቀምጥዎ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት የዚህን በሽታ አመዳደብ እንደገና ሲያበጁ፣ ጉበቱ ላይ ስብ ተገኝቶበት፣ ከውፍረት፣ ከስኳር፣ ከደም ግፊት ወይም ከደም ቅባት ቢያንስ አንዱ ያለበትንና በሳምንት ከ210 እስከ 420 ግራም አልኮል የሚጠጣውን ወንድ ለብቻው መደቡት። ምድቡ መጠጥና ውፍረት አብረው ያመጡት ማለት ነው። ለሴት ልኩ ዝቅ ይላል፤ ከ140 እስከ 350 ግራም ነው። እርስዎ መሐሉ ላይ ነዎት። የእናንተ ቤት ክርክር የዓለም ባለሙያዎችም ክርክር ነበር፤ እነርሱም በመጨረሻ ሁለቱንም ጥፋተኛ ብለው ነው መዝገቡን የዘጉት።

አሁን ወደ ቦርጩ እንምጣ። 89 ኪሎ በ1 ሜትር ከ68 ሲሰላ የሰውነት ክብደት ልኬትዎ 31.5 ይመጣል። ከ30 ካለፈ ሐኪም የሚጽፈው ከልክ ያለፈ ውፍረት ብሎ ነው። ከሚዛኑ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ወገቡ ነው። ልብስ ሰፊዎች የሚለኩበትን ሜትር ያምጡና በመጨረሻው ጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ሆድዎን ሳይስቡ፣ ትንፋሽ ካወጡ በኋላ ይለኩ። ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ስቡ ያለው ከቆዳ ሥር ብቻ አይደለም፤ አንጀት ዙሪያም ሰፍሯል። የሱሪ ቁጥርን አይመኑ፤ ሱሪው ከቦርጩ በታች ነው የሚታሰረው።

እኛ ሀገር ሆዱ ወጣ ያለ ሰው ሲታይ «ደልቶሃል»፣ «ተስማምቶሃል» ይባላል። ምርቃት ይመስላል። ያ ስብ ግን ተኝቶ የሚውል ነገር አይደለም። ቀንና ሌሊት የስብ አሲድ ወደ ደም ይለቅቃል፤ ከአንጀት አካባቢ የሚነሣው ደም ደግሞ ሌላ ቦታ ሳይረግጥ በቀጥታ ወደ ጉበት ነው የሚገባው። በዚያ ላይ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ይቀንሳል፤ ቆሽት ይህን ለማካካስ የበለጠ ኢንሱሊን ያመርታል፤ የበዛው ኢንሱሊን ጉበትን ከስኳርና ከዱቄት አዲስ ስብ እንዲሠራ ያዝዘዋል። አንድም ጠብታ አልኮል በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ግን ወፍራምና የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ እናቶች ጉበታቸው ላይ ስብ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጓደኛዎ ስለ ቦርጭ የተናገረው ውሸት የለበትም።

ታዲያ ቢራው ምን ይጨምራል? ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘው ያውቁ ይሆናል። ሁሉም በተራው እየተፈጨለት ሳለ አንዱ መጥቶ ያለ ወረፋ ሲገባ፣ የሌላው ሰው ኬሻ በሩ ላይ እየተከመረ ይሄዳል። አልኮል ጉበት ውስጥ እንዲህ ነው የሚገባው። ሰውነት አልኮልን የሚያከማችበት ቦታ የለውም፤ መርዝ ስለሆነም ጉበት ሌላውን ሥራ ትቶ ቅድሚያ ይሰጠዋል። በዚያ ሰዓት መቃጠል የነበረበት ስብ ሳይቃጠል ይቀራል። ይባስ ብሎ አልኮሉ ሲሰባበር የሚፈጠረው ኬሚካላዊ ለውጥ ጉበቱ ተጨማሪ ስብ እንዲሠራ ይገፋፋዋል። በመሐል የሚወጣው አሴታልዲሃይድ የተባለ ንጥረ ነገርም የጉበትን ሕዋሳት ያቆስላል። ቦርጩ ስቡን ይልካል፣ ቢራው እንዳይወጣ ይዘጋበታል፣ ከዚያም ያቆስለዋል።

ካሎሪውንም አይርሱ። አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ከስኳር ይበልጣል፣ ከቅባት ብዙም አያንስም። አንድ ቢራ ወደ 140 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ የእርስዎ አሥራ ስድስት ጠርሙስ ከአረቄውና ከጠላው ጋር በሳምንት ከ2,500 አያንስም። ይህ ለአንድ ጎልማሳ የአንድ ሙሉ ቀን ምግብ ያህል ነው። ሌላው ሰው በሳምንት ሰባት ቀን ሲበላ እርስዎ ስምንት ቀን ይበላሉ ማለት ነው። ባለቤትዎ «ቢራው ነው» ሲሉ የቦርጩንም ምንጭ አብረው እየተናገሩ ነው፤ ሳይታወቃቸው ከግማሽ በላይ እውነት ይዘዋል።

መባዛቱን ከየት አመጣኸው ይሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የስኮትላንድ ጥናት ከ9 ሺህ በላይ ወንዶችን ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ተከታትሏል። በሳምንት ከ120 ግራም ያላነሰ አልኮል፣ ማለትም ከዘጠኝ ቢራ በላይ የሚጠጡትን፣ ከማይጠጡና ካልወፈሩ ወንዶች ጋር አነጻጸረ። በጉበት በሽታ የመሞት ዕድላቸው ቀጭኖቹ ጠጪዎች ዘንድ 3 እጥፍ፣ ወፈር ባሉት ዘንድ 7 እጥፍ፣ ከልክ በላይ በወፈሩት ዘንድ 19 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ የጠጡት መጠጥ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አካላቸው ነው። እርስዎ ደግሞ የሚጠጡት የዚህን መነሻ ልክ እጥፍ ነው።

ጓደኛዎም ይህችን ቁጥር ቢሰሙ ደስ ይለኛል፤ ቀጭኑም ጠጪ 3 እጥፍ ላይ ነው ያለው። «ጉበቴ ደህና ነው ተብያለሁ» የሚለው ነገር ብዙም አያጽናናኝም። አልትራሳውንድ በግልጽ የሚያየው ስቡ ከጉበቱ ሩብ አካባቢ ሲይዝ ነው፤ ከዚያ በታች ያመልጠዋል። የጉበት ኢንዛይምም ጠባሳ እየሠራ ባለ ጉበት ላይ እንኳ ልኩ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሰው ሁሉ እኩል አልተፈጠረም፤ በዘር የሚወረሱ ልዩነቶች አንዱን ቶሎ ያሳምማሉ፣ ሌላውን ያዘገያሉ። ጓደኛዎ የሚጠጡት በጓደኛዎ ጉበት ነው፤ እርስዎ በእርሳቸው ጉበት መጠጣት አይችሉም።

ወደ ውጤትዎ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ቸኩለው ያለፉት ዋና ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ጉበት ላይ ስብ መኖሩ ብቻውን ብዙ አያስፈራኝም፤ ይመለሳል። የማይመለሰው፣ ወይም በጣም በዝግታ የሚመለሰው፣ ስቡ ካስቆጣ በኋላ የሚመጣው ጠባሳ ነው። ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፤ ከዚያ ሆድ ውኃ መቋጠር፣ ደም ማስታወክ፣ የጉበት ካንሰርም ይከተላል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ «ስብ አለ ወይ?» ሳይሆን «ጠባሳ ጀምሯል ወይ?» ነው። ለዚህ በርካሽ የሚሠራ ስሌት አለ። ዕድሜን በኤስጂኦቲ ያባዙ፤ ያንን ለፕላትሌት (በሺህ ተቆጥሮ) እና ለኤስጂፒቲ ካሬ ሥር ብዜት ያካፍሉ። የእርስዎ 43 ሲባዛ በ58፣ 2,494 ነው። የ62 ካሬ ሥር 7.87 ገደማ ስለሆነ በ210 ሲባዛ 1,653 ይመጣል። ሲካፈል 1.5 ነው።

ከ1.3 በታች ቢሆን ኖሮ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው ብዬ ተረጋግተው ሥራዎን ይቀጥሉ እልዎት ነበር። ከ2.67 በላይ ቢሆን ነገ ዛሬ ሳይሉ የጉበት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ እልዎት ነበር። እርስዎ በመሐል ነዎት። አይደናገጡ፤ ግን ዝም ብለውም አይለፉት። ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ተመልሰው የጉበትን ጥንካሬ የሚለካ ምርመራ፣ በተለምዶ ፋይብሮስካን የሚባለው፣ መሣሪያው ባለበት ቦታ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታሎች አሉልዎት፤ ከየት እንደሚጀምሩ ችግር የለብዎትም። አልኮል ራሱ ኤስጂኦቲን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ከሦስት ወር ሙሉ ዕረፍት በኋላ ይህንኑ ስሌት መድገም የበለጠ እውነቱን ያወጣዋል።

በነገራችን ላይ ንጹሕ የመጠጥ ጉዳት ሲሆን ኤስጂኦቲ ብዙ ጊዜ የኤስጂፒቲ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። የእርስዎ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ጓደኛዎ ይህን ቢያነቡ «አላልኩህም?» ይላሉ። አያንብቡላቸው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ቁጥሩ አልኮልን ነጻ የሚያወጣ ማስረጃ አይሆንም።

ያልተጠየቁት፣ ግን ሊጠየቁ የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። ሄፓታይተስ ቢና ሲ ተመርምረዋል? ደብዳቤዎ ላይ አላየሁትም። ሀገራችን ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ቫይረሱ ከአልኮልና ከስብ ጋር ከተገናኘ መንገዱ በጣም ያጥራል። ነጻ ከሆኑ ክትባቱን ይውሰዱ። ልጅነትዎን ጣና ውስጥ እንዳሳለፉም ጽፈዋል። ለሐኪሙ ይንገሩት። የጣና ዳርቻ የአንጀት ቢልሃርዚያ የሚገኝበት አካባቢ ነው፤ ጥገኛ ትሉ ዓመታት ቆይቶ በጉበት ውስጥ ባሉት የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል። አለብዎት አላልኩም። የአልትራሳውንድ ባለሙያው ይህን ታሪክ ካወቀ ግን የሚያየውን በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ከተገኘም ፕራዚኳንቴል የሚባል የታወቀ መድኃኒት አለው። ስኳር፣ የደም ግፊትና የደም ቅባትም አብረው ይታዩ። ከውፍረት ጋር የተያያዘ ጉበት ያላቸው ሰዎችን በብዛት የሚገድላቸው ጉበቱ ሳይሆን ልብና የደም ሥር ነው።

የአክስትዎን ሥር በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይጠጡት። አክስትዎ በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብሎ ሥርና ቅጠል መስጠትም ከእኛ ጋር የኖረ ነው። ነገር ግን የሚጠጡትን ሁሉ የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበት ነው። ተክል ስለሆነ አይጎዳም የሚለው ትክክል አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ መንደር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሆድ እያሳበጠ ሰው የገደለ የጉበት በሽታ ሲመረመር፣ ምክንያቱ ከእህል ጋር የተቀላቀለ መርዛማ አረም ሆኖ ተገኝቷል። ፋርማሲ መስኮት ላይ «ጉበት አጣቢ» እየተባሉ የሚደረደሩትንም ብልቃጦች እዚሁ ላይ ልጨምርልዎ። ጉበት አይታጠብም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጠጡን እጅግ ቀንሱ አልልዎትም፤ ያቁሙ። ሐኪሙ «ቀንስ» ማለታቸው ከልምድ የመነጨ ይሆናል፤ ብዙ ሰው «አቁም» ሲባል ተመልሶ አይመጣም። የእርስዎ ስሌት 1.5 ላይ ቆሞ፣ ክብደትዎም ይህን ያህል ሆኖ «በቀን አንድ ብቻ» ማለት ግን አይዋጥልኝም፤ ሁለተኛው ጠርሙስ ከመጀመሪያው ሩቅ አይደለም። ደስ የሚለው ነገር ከመጠጥ የመጣው ስብ ቶሎ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ሌላ ችግር ካልተጨመረበት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዕረፍት ብዙው ይጠፋል። ሁዳዴን 55 ቀን ቢራ ሳይነኩ የሚያሳልፉ ስንት ሰዎች ያውቃሉ? አቅሙ አለ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ጠዋት ሲነሡ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልብዎ፣ ሳይቀምሱ የማይረጋጉ ከሆነ በድንገት አያቁሙ፤ ያ ሁኔታ የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። ከመጠጥ ማግሥት ለራስ ምታት ፓራሲታሞል እየደጋገሙ መዋጥም ለጉበት ሌላ ሸክም ነው።

ከባዱ ጉበቱ ሳይሆን ማኅበሩ ነው፤ ይገባኛል። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ሲባል እምቢ ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ያለ ጥያቄ የሚከበሩ ሁለት መልሶች ግን አሉ፤ «ጸበል ላይ ነኝ» እና «መድኃኒት ጀምሬአለሁ»። የመጀመሪያውን እውነት ከሆነ ብቻ ይበሉት። ሁለተኛው ግን በማንኛውም ቀን እውነት ነው፤ የዚህ በሽታ የመጀመሪያ መድኃኒት አለመጠጣት ነውና። ብርጭቆዎ ባዶ አይሁን፤ አምቦ ውኃ ይዘው ከተቀመጡ የሚያስጨንቅዎት ሰው በግማሽ ይቀንሳል። ለስላሳ መጠጥ ግን አይተኩበት። አንዷ ትንሽ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዛለች፤ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥም ስኳሩ የዋዛ አይደለም። ቢራ ትተው በቀን ሦስት ለስላሳ የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ሳይሻላቸው ሲመጡ አያለሁ፤ አቆምኩ ብለው ይምላሉ፣ አልዋሹም።

ክብደቱን እንዲህ ያስቡት። ከ89 ኪሎ 5 በመቶ ሲቀንሱ፣ ወደ 84.5 ሲወርዱ፣ የጉበቱ ስብ መቀነስ ይጀምራል። ወደ 83 አካባቢ፣ ማለትም 7 በመቶ ሲደርሱ፣ ቁጣው ይበርዳል። 80 ኪሎ ከደረሱ፣ ያ 10 በመቶ ነው፣ የጀመረ ጠባሳ እንኳ ወደ ኋላ የመመለስ ዕድል አለው። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል። በአንድ ወር 15 ኪሎ ጣልኩ የሚሉ ሰዎችን አይከተሉ፤ በድንገት መክሳት ራሱ ጉበትን ያስቆጣል።

የቅዳሜውን ማዕድ በደንብ እንየው፤ ሁሉም ነገር እዚያ ስላለ። ቆሮሶው ሙሉውን ጎኑ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ጠልቆ ይወጣል፣ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ዳጣ ይቀርባል፣ እንጀራና ዳቦ ይከተላል፣ ከዚያ ቢራው። አስተናጋጁ ሒሳብ ሊሠራ ቆርኪ ሲቆጥር እርስዎም የበሉትን ይቁጠሩ። አሳው ጥፋት የለበትም፤ ጣና ከሰጠን ነገር ሁሉ ለእርስዎ ጉበት የሚስማማው እርሱ ነው። የሚያከብደው የተጠበሰበት ዘይት ነው። ያንኑ አሳ በሾርባ፣ በወጥ ወይም ፍም ላይ ተጠብሶ ይዘዙ፤ ከጎኑ ጎመንና ሰላጣ ይብዛ፣ ዳቦው ይቅር። እንጀራን አልከለክልዎትም፤ ሁለት የነበረው አንድ፣ ማታ ደግሞ ግማሽ ይሁን። ከእንጀራው ላይ ወጥ የጠጣውን ፍትፍት ጥርግ አድርጎ መጨረስ ግዴታ አይደለም።

ጾም እጾማለሁ ብለዋል። ጥሩ ነው፤ ጾምዎን ግን ለጉበትዎ እንደ ዋስትና አይቁጠሩት። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ሽሮው በዘይት ከተዋጠ፣ ድንች ጥብሱ ከበዛ፣ ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከያዘ ጉበቱ ፍስክ ላይ ነው። ከደብዳቤዎ እንዳየሁት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ሁለቱ ቢራ አልቀሩም። ስለ ቀኖናው የንስሐ አባትዎ ይንገሩዎት፤ እኔ የምናገረው ስለ ጉበቱ ነው።

ባሕር ዳር ያለ ሰው «የምንቀሳቀስበት ቦታ የለኝም» ሲለኝ አልሰማውም። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ከሱቅዎ ወደ ቤትዎ በባጃጅ የሚሄዱበትን በብስክሌት ይሂዱት። ድሮ ይህች ከተማ የምትታወቀው በዘንባባና በብስክሌት አልነበረም? በሳምንት 150 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ ፈጣን ጉዞ በቂ ነው፤ ጠዋት በሐይቁ ዳር መንገድ ወይም ወደ ቤዛዊት ሽቅብ። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስ እንኳ እንቅስቃሴው ብቻውን የጉበትን ስብ ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልቀነስኩም» ብለው እንዳይተዉት።

አንድ ነገር ልፍቀድልዎ፤ ቡና። ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳም የጉበት ካንሰርም እንደሚያንሳቸው በብዙ ሀገራት የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። የዘጌን ቡና አፍንጫዎ ሥር አስቀምጠው የሌላ ነገር አማረኝ አይበሉ። ሁለት ሦስት ስኒ ይጠጡ፤ ግን ስኳር የለም፣ የቡና ቁርሱም ጥሬ ወይም ቆሎ ይሁን። ስለ መድኃኒትም ሰምተው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ረስሜቲሮም የተባለውን መድኃኒት በውፍረት ሳቢያ ጉበታቸው ተቆጥቶ ጠባሳ ለጀመራቸው ሰዎች ፈቅዷል። እርሱም የሚሰጠው ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር እንጂ በእነርሱ ፋንታ አይደለም፤ ለእርስዎ ዛሬ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሆድዎ በጥቂት ሳምንታት ከተነፋና እግርዎ ካበጠ፣ ደም ካስመለሱ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ቤተሰብ «የሚናገረውን አያውቅም» ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ። ጎንዎን የሚከብድዎ ስሜት ግን ብቻውን የአደጋ ምልክት አይደለም፤ ስብ የያዘ ጉበት ሲያብጥ ሽፋኑ ስለሚወጠር ነው።

ባለቤትዎን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ። ለመክሰስ አይደለም። ዘይቱ የሚለካው እርሳቸው እጅ ላይ ነው፤ ማታ ሁለተኛውን እንጀራ የሚያቀርቡትም፣ «ብላ እንጂ፣ ምነው ተውከው?» የሚሉትም እርሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሐኪሙ ሁለታችሁንም ፊት ለፊት አስቀምጦ ሲያስረዳ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ዘብ አይቆምም። ጓደኛዎንም ይጋብዟቸውና ይመርመሩ፤ የቅዳሜውን ወንበር ለአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ቢለውጡት ወዳጅነቱ አይጎድልም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ «ከሦስት ወር በኋላ ወደ ቢራዬ መመለስ እችላለሁ?» ነው። የጥንካሬ ምርመራው ጠባሳ ካሳየ መልሱ አይችሉም ነው፤ በዓልም፣ ሠርግም፣ አንዲትም። ጠባሳ ከሌለ፣ ስሌቱ ከ1.3 በታች ከወረደ፣ ወገብዎም ከ94 ሴንቲ ሜትር በታች ከገባ፣ የፋሲካን አንድ ብርጭቆ ከሐኪምዎ ጋር መነጋገር ይቻላል። የሰኞ እስከ ዓርቡ ሁለት ቢራ ግን ወገብዎ ቢጠብም አይመለስም፤ እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም። ለሦስት ወሩ ምርመራ ሲሄዱ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ኢንዛይሞቹ ብቻ ታዝዘው ፕላትሌት ከተረሳ ስሌቱ አይሠራምና ሙሉ የደም ቆጠራ እንዲጨመርበት ይጠይቁ። ውጤቱን ሲጽፉልኝ የወገብዎንም ልክ ይላኩልኝ።